ከድምፅ ማጉያው ሥር የተቀመጠው ባል

እህቴ የሞተች ሰሞን ቤቴን የሞሉት ሰዎች ሁሉ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ታጋሽ ነበረች። አንዷ ገብታ ትቀመጥና አፍንጫዋን ጠርጋ "ያቺን የመሰለች ታጋሽ" ትላለች። ቀጥላ የምትገባው ደግሞ "አቤት ያ ትዕግሥቷ" ብላ ትጀምራለች። እኔም አንገቴን እደፋለሁ፤ ሐዘንተኛ አይከራከርማ። አሁን ግን ወራት አልፈዋል፣ አጽናኞቹም ወደየቤታቸው ገብተዋል፣ ስለዚህ እውነቱን ልጻፈው። እህቴ ታጋሽ አልነበረችም። ታገሠች ከተባለላት ስድስት ዓመት ውስጥ ሦስቱን የኖረችው ፈርታ ነው፣ ሁለቱን አፍራ፣ የመጨረሻውን አንድ ዓመት ደግሞ ስታሰላ።

ባሏን ቤተሰባችን "ሸጋው" ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ በራችንን አንኳኩቶ የገባ ቀን። ቁመናው ሸጋ፣ አነጋገሩ ሸጋ፣ ድምፁማ አይወራም። በሬዲዮ ማስታወቂያ ያነብ ነበር፤ ሳሙና ሲያስተዋውቅ እንኳ ሳሙናው ራሱ የሚያዝንልህ ይመስልሃል። ሰው ፊት እህቴን "እመቤቴ" ይላታል። ከመኪና ስትወርድ ዞሮ በሩን ይከፍትላታል። በሩን የሚከፍትላት ከውስጥ እንዳይከፈት አድርጎ ስላበላሸው መሆኑን ያወቅነው ቆይተን ነው።

ሲመታትም ሸጋ ነው። ፊቷን አይነካም፤ ሰው ያያል። ጉሮሮዋንም አይነካም፤ ድምፅ ሥራዋ ነው፣ ሥራ ደግሞ ያከብራል። ጎኗን፣ ጀርባዋን፣ ጭኗን፣ ብቻ ልብስ የሚሸፍነውን ነው። እንዲህ ያለ አሳቢ ባል ከየት ይገኛል? እናቴ ሲነገራት "ባል ነው፣ ይቆጣል እንግዲህ" አለች። ከዚያ ወዲያ ማንም አልነገራትም።

እኔና እህቴ የምንሠራው አንድ ቦታ ነበር፤ የውጭ ፊልሞችን በእኛ ቋንቋ ድምፅ የሚያለብስ ትንሽ ስቱዲዮ፣ ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ። እኔ ንግግሩን እተረጉማለሁ፣ ከተዋናዮቹ ከንፈር ጋር እንዲገጥምም አሳጥረዋለሁ ወይም አስረዝመዋለሁ። እሷ ትናገረዋለች። መሣሪያው ላይ የሚቀመጠው ባለሙያ ደግሞ "ሹክሹክታ" ይባላል። ጆሮዬ እንዳይበላሽ ብሎ እሱም ጮክ ብሎ አያወራም፣ ሰውም ጮክ ብሎ እንዲያወራው አይፈልግም። አንድ ቀን ስቱዲዮው ውስጥ ጭስ ሸትቶት "እሳት ሳይነሳ አልቀረም" ያለን በጆሯችን ነው።

እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ቡናማ ሶፋ አለ። ከሶፋው በላይ ግድግዳው ላይ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ የሚጠብቅ ሰው ውስጥ የሚሠራውን እየሰማ እንዳይሰለቸው ተብሎ። ሸጋው የሬዲዮ ሥራውን ማታ ማታ ነበር የሚሠራው፣ ስለዚህ ጠዋት እህቴን ያደርሳትና ሶፋው ላይ ጋዜጣ ይዞ ይቀመጣል። እስክትጨርስ እዚያው ነው። ሠራተኞቹ በጣም ይቀኑባት ነበር። "የእኔ ባል እኮ ሆስፒታል ተኝቼ እንኳ ሊጠይቀኝ የመጣው አንድ ጊዜ ነው" አለችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ።

የእህቴ ድምፅ ከማጉያው እስከወጣ ድረስ ሸጋው ሰላም ነው። ሦስት ደቂቃ ዝም ካለ ግን በሩ ይንኳኳል።

"ምን ሆና ነው የጠፋችው?"

"ውሃ እየጠጣች ነው፣ ጋሼ" እለዋለሁ።

"ውሃ ሦስት ደቂቃ ይጠጣል እንዴ፣ እህት ዓለም? ግመል ናት?"

እሱ ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን፣ እህቴም ከውስጥ በማይኩ ትስቃለች። ሳቋን ሰምቶ ይቀመጣል። እሷ በተሳሳተች ቁጥር ደግሞ ጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጭረት ያደርጋል። መኪና ውስጥ ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላ አንድ በአንድ ይቆጥርላታል።

ያ ፊልም የመጣው እንግዲህ በስድስተኛው ዓመት ነው። ልብ አንጠልጣይ ነው ተብሎ የተላከ፣ አንዲት ሴት ከጨካኝ ባሏ የምታመልጥበት። ሴትዮዋ ከደረጃ ሥር ሻንጣ ትደብቃለች፣ በጣሪያ ላይ ትሄዳለች፣ ግንድ የጫነ መኪና ላይ ትንጠለጠላለች፣ ይህን ሁሉ በተረከዝ ጫማ። ባልየው ጥቁር ጓንት ያደርጋል፣ ጨካኝነቱ እንዳይጠፋን። ሴትዮዋን የምትናገረው እህቴ ነበረች። ሌላ ማን ሊሆን ነው?

"ሚጣ" አለችኝ አንድ ቀን ማይኩን ዘግታ፣ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አውርዳ፣ "ይቺ ሴትዮ ዝናብ ካልጣለ አትሸሽም እንዴ?"

"ምን ላድርግ እታለም፣ ፊልሙ ላይ ዘንቧል።"

"የእኔው ቢሆን ኖሮ ጃንጥላ ይዞ ነበር የሚያሳድደኝ። ያን ያህል ዘመን ስትሮጥ ደግሞ አንድ ቀን ሽንት ቤት አልሄደችም።"

"ልጨምርላት?"

"ጨምሪላት። 'ቆይ ጌታዬ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣና ታባርረኛለህ' ብላ ትለምነው።"

የምትጮህበት ትዕይንት ላይ ስንደርስ ግን ጩኸቱ እምቢ አለ። አራት ጊዜ ሞከረች። ድምፁ ይጀምርና መሃል ላይ ይቆረጣል። ሹክሹክታ ወደ ማዳመጫዋ ብቻ በሚሄደው መስመር፣ "እትዬ፣ ትንፋሽሽ አልሞላም" አላት።

"ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

ወደ እኛ እንድትመጣ በእጁ ጠራት። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት መስመር አወጣላት፣ ባለፈው ወር የተነፈሰችውንና የዚያን ቀኑን። የባለፈው እንደ ኮረብታ ወጥቶ ወርዷል። የዚያን ቀኑ ግማሽ መንገድ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ቆሟል።

"ጉንፋን እንዲህ አይቆርጥም" አለ። "ይሄ የጎን አጥንት ነው። እናቴ ናት እንዲህ የምትተነፍሰው።"

ሦስት ደቂቃው ሳይሞላ እህቴ ተመልሳ ገብታ ማይኩ ላይ ጎንበስ ብላ ሸጋው እንዲሰማ የሆነ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ከዚያ ወደ እኛ ወጥታ፣ በጣም ተራ በሆነ አነጋገር፣ ስኳር ልታስገዛኝ እንደምትልከኝ ያህል፣ "አርባ ደቂቃ ነው የምፈልገው" አለችኝ።

ስሌቱ ተጠናቅቆ አልቋል ለካ። የልጅነት ጓደኛዋ ሩቅ ከተማ የሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች፣ ቦታ አዘጋጅታላታለች። አውቶቡሱ ረፋድ አራት ተኩል ላይ ይነሳል። መናኸሪያው በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ከሹክሹክታ ክፍል በስተጀርባ አንድ በር አለ፤ በእሱ የሚወረደው ደረጃ ጥርስ ሐኪሙ ቤት ውስጥ ገብቶ በሌላኛው መንገድ ያስወጣል። መታወቂያዋን ግን ሸጋው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው የሚይዘው። እሱን እኔ ተቀበልኩት። "ጋሼ፣ ውሏ ሊታደስ ነው፣ ቅጂ እንፈልጋለን" አልኩት፤ ደስ ብሎት አወጣልኝ። በማግሥቱ ሲጠይቀኝ ማሽኑ ተበላሽቷል አልኩት። በቢሮ ሥራ እንዲህ በቀላሉ የሚታመን ውሸት የለም።

የቀረው ድምፁ ነው።

"ሦስት ሳምንት የተቀዳ ድምፅ አለን፣ እሱን እናጫውትለታለን" አለ ሹክሹክታ።

"ንጹሑን ካሰማኸው ይነቃል" አለችው። "ስድስት ዓመት እዚያ ተቀምጦ ስህተቴን ሲጭር ነው የኖረው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳልሳሳት ከቆየሁ በሩን ሰብሮ ይገባል።"

ይህ ለሹክሹክታ ከባድ ነገር ነበር። በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ የተበላሸውን ሁሉ ደምስሶ፣ ሳሉን፣ መንተባተቡን፣ "ውይ ይቅርታ"ውን አጥፍቶ ነው እጁን የሚታጠበው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ለዘጠኝ ቀን ብልሽት አጠራቀመ። ፊቱን ላየው ሰው የበሰበሰ ነገር ኪሱ ውስጥ የያዘ ይመስላል።

ቀኑ ደረሰ። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ እህቴ ሹራቧንና መታወቂያዋን በላስቲክ ከረጢት ይዛ ከኋላው በር አጠገብ ቆመች። ሹክሹክታ ወደ እኔ ዞሮ፣ እንደ ማፈርም እንደ መኩራትም ብሎት፣ "አስተካክዬዋለሁ" አለኝ።

"ምኑን?"

"በቅደም ተከተል አድርጌዋለሁ። ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ።"

እኛ ፊልም በቅደም ተከተል አንቀርጽም። አንድ ቀን የኩሽናውን ሁሉ፣ ሌላ ቀን የመንገዱን ሁሉ እንጨርሳለን፤ መጀመሪያው መጨረሻ፣ መጨረሻው መሃል ይመጣል። ሸጋው እዚያ ሶፋ ላይ በሰማው ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ታሪክ ተያይዞለት አያውቅም። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሹክሹክታ ነው።

"ምን ነካህ?"

"ተዘበራርቆ ሊጫወት ነው? ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ሥራ ያሰማል?"

ሰው ነፍሷን ልታድን ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማለች፣ እሱ ስለ ሥራ ጥራት ይነግረኛል። እህቴ ሳቋን አፍና በጣቷ መሣሪያውን አመለከተች። "አጫውተው። ጊዜ የለኝም" አለች። በሩን ከፍታ ወረደች። አልተቃቀፍንም፣ ፊልሙ ውስጥ ያሉት እህትማማቾች ግን አራት ደቂቃ ተቃቅፈዋል።

ወረቀቶቼን ይዤ ሸጋው አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ማጉያው መናገር ጀመረ። እህቴ ለባሏ ቁርስ ታቀርባለች፣ ትሳሳታለች፣ "ይቅርታ፣ ልድገመው" ትላለች፣ ትደግመዋለች። ሸጋው ጭረቱን ጫረ። አሥር ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገው።

"ዛሬ ከመጀመሪያው ነው እንዴ የምትቀርጹት?"

"አዎ ጋሼ። የፊልሙ ባለቤቶች አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እንስማው ብለው ነው።"

አየኝ። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ጋዜጣውን አጠፈና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"እና ይቺ ሴት ምን ልትሆን ነው?"

"ልትጠፋ ነው። ሻንጣ ከደረጃው ሥር ደብቃለች።"

"ተመልከቺ እንግዲህ። ሰውየው ምን አጎደለባት?"

"ምንም።"

"ቤት አላት፣ መኪና አላት። ሴትን ልጅ በምንም ማጥገብ አይቻልም እኮ።"

"አይቻልም ጋሼ።"

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ከሰባት ይላል። ሸጋው ወደ ማጉያው ጠጋ ብሎ ተቀመጠ። ጭረቱን ረሳው። ሴትዮዋ ጣሪያ ላይ ስትወጣ "ትወድቃለች" አለ፤ ሳትወድቅ ስትቀር ቅር አለው። ባልየው ይደርስባት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። በእህቴ ፋይል ላይ የባልየው ተራ ባዶ ስለሆነ እሷ ተናግራ ዝም ትላለች፣ ቀጥላ ላልተሰማ ንግግር ትመልሳለች። ዝምታው በመጣ ቁጥር ሸጋው በሩን ያያል። ያቺ እይታ ነች ያስፈራችኝ።

"ባልየውን ማን ነው የሚሠራው?" አለኝ።

ባልየውን የሚሠራው የአምስት ልጆች አባት የሆነ፣ ዝንብ ሲሞት የሚያዝን ሰው ነበር፤ እህቴ ከወጣች በኋላ እየመጣ ክፍሉን ከጨረሰ ሳምንት አልፎታል።

"ገና አልተገኘም" አልኩት። "ድምፅ ያለው ሰው ጠፋ።"

ጉሮሮውን ጠረገ። እኔም ሌላ ነገር አልተናገርኩም፤ ወረቀቶቹን ብቻ አቀበልኩት፣ ጣቴን የባልየው ንግግር ላይ አድርጌ።

ስድስት ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው የሚመስለው። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

"ከዚህ በር ብትወጪ የትም አትደርሺም" አለ።

"የትም ባልደርስ ከዚህ ይሻለኛል" አለችው እህቴ ከግድግዳው ላይ። ቀጥላም "ውይ፣ ቸኮልኩ፣ አንዴ ልድገመው" አለች።

"ትድገመው፣ ትድገመው" አለ ሸጋው በትዕግሥት። እሱም አብሯት ደገመው፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ቆመች።

"በስመ አብ፣ ጋሼ፣ እንዴት ያስፈራሉ" አለችው።

አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናት። "ጥበብ ነው፣ እናቴ። ሰው ያልሆነውን መሆን ይጠይቃል።"

አራት ተኩል ሆነ። አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆነ። በልቤ አውቶቡሱን እየገፋሁ ነው። ሸጋው ላብ አውጥቶ ኮቱን አወለቀ። ሴትዮዋ ባቡር ጣቢያ ደረሰች፣ ባልየው ደረሰባት፣ የመጨረሻው ትዕይንት ነው። እዚያ ላይ እህቴ የምትመልሰው አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። የምንቀርጸው ግን የዚያን ቀን ነበር። ሹክሹክታ ነገሩን እዚያ ድረስ በቅደም ተከተል ካሳመረ በኋላ የሚያስቀጥልበት ነገር አልነበረውም።

"ተመለሺ" አለ ሸጋው። "ወደ ቤታችን ተመለሺ።"

ማጉያው ዝም አለ።

ተራዋ መሆኑን ሊያስታውሳት ይመስል ትንሽ ጠብቆ ደገመው፣ አሁን እየለመነ። መልስ የለም። ሦስተኛውን ግን አላነበበውም። ወረቀቱን አላየም፣ ዓይኑ በሩ ላይ ነው፣ ድምፁም የሬዲዮ ድምፅ አልነበረም። "ተመለሺ ብያለሁ።" ያንን ድምፅ እኔ ሰምቼው አላውቅም ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ጥላ ወጣች።

ተነሥቶ ገባ፣ ተከተልኩት። መቅረጫ ክፍሉ ውስጥ ባዶ ወንበር፣ የተንጠለጠለ ማዳመጫ፣ ግማሹ የተጠጣ ውሃ።

"የት አለች?"

ሹክሹክታ ወንበሩን አዞረና፣ ባወቅሁት ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሙሉ ድምፁ "ሄዳለች" አለ። የሚያምር ድምፅ ነው ያለው። ሸጋው አንገትጌውን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጋጨው። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ፊት ሳይነካ የኖረ ሰው ያን ቀን በምስክር ፊት ነካ። ከዚያ ግን እጁ ላላ። የሆነ ነገር ትዝ አለው፣ ፊቱ በራ።

"ሻንጣ" አለ። "ሻንጣዋን ሳትይዝ አትሄድም። ቤት ነች።"

እየሮጠ ወረደ። መናኸሪያው በስተቀኝ ነው፣ እሱ በስተግራ ታጠፈ። ፊልሙን ከልቡ ሰምቶታል። ጎረቤቶቻቸው በኋላ እንደነገሩኝ አልጋውን ገለበጠ፣ ቁም ሣጥኑን አወረደ፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ሳይቀር ፈታ። ከደረጃ ሥር ብቻ አልፈለገም፤ ቤታቸው ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም።

አውቶቡሱ የተነሣው አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ተሳፋሪ አልሞላ ብሎት። እሱ መናኸሪያ የደረሰው ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ማታውን እናቴ ቤት ሄዶ አለቀሰ። እናቴም አብራው አለቀሰችና ማግሥቱን እኔን "እንዲህ ያለ ቤት አፈረስሽ" አለችኝ። የቤቱን በር እሱ ራሱ ነቅሎ ጥሎት እንደነበር አልነገርኳትም።

እህቴ የደወለችው በሦስተኛው ቀን ነው። ስለ ጥርስ ሐኪሙ ቤት ነገረችኝ፤ በዚያ ስታልፍ ጉንጯን ይዛ ነበር፣ አንድ ሽማግሌ ግን "ልጄ፣ ሁላችንም ያመናል፣ ወረፋ ጠብቂ" ብለው መንገድ ዘጉባት። ቁጭ ብላ አምስት ደቂቃ ወረፋ ጠበቀች። ፊልሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እኔ ደግሞ ሸጋው ባልየውን ሆኖ እንዳነበበ ነገርኳት።

"እንዴት ነበር?" አለችኝ።

"እውነቱን ልንገርሽ? ጎበዝ ነው።"

"ስድስት ዓመት ተለማምዶታል እኮ" አለችና ሳቀች፣ ሳቋ ጎኗን ስላመማት መሃል ላይ አቆመችው።

"እታለም፣ አሥራ አንዱን ዓረፍተ ነገር ማን ይጨርሰው? ሰዎቹ ፊልሙን እየጠየቁ ነው።"

"አንቺ ጨርሺው። ድምፃችን ይመሳሰላል። አትቸኩዪ ብቻ። ደግሞ እንዳታለቅሺ።"

"ፊልሙ ላይ እኮ እያለቀሰች ነው የምትናገረው።"

"እሷ ታልቅስ። አንቺ አታልቅሺ። በቀጥታ ንገሪው፣ ጨረስኩ በይውና ውጪ።"

ማይኩ ፊት ቆምኩ። ሹክሹክታ አንገቱ ላይ ፋሻ አድርጎ መሣሪያው ጋ ተቀምጧል። አሥራ አንዱንም በአንድ ትንፋሽ፣ ሳልሳሳት ተናገርኩ፣ እሱም አንድም የሚደመስሰው ነገር አላገኘም።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። የራሷ ቤት ነበራት፣ የራሷ ቁልፍ፣ ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ለሰው ሁሉ የምታወራበት ሰዓት። በሽታ መጥቶ ሲወስዳት ሸጋው አላወቀም፣ እኛም አልነገርነው። ፊልሙ ዛሬም አልፎ አልፎ ይታያል። አንድ ተመልካች በጊዜው ለስቱዲዮው ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነው፣ አይገጥምም፣ ሙያ ይጎድላችኋል ብሎ። ልክ ነው፣ አይገጥምም።